«ስኬሪ» ነኝ ወይስ «ስኬርድ»? የሚያስፈራን ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር

እንግሊዝኛ በምማርበት ጊዜ አንድ ቀን ፊት ወጥቼ እንድናገር ተጠራሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ፍርሃቴን ብናዘዝ ይቀለኛል ብዬ «አይ አም ቬሪ ስኬሪ» አልኩ። አስተማሪው ከት ብሎ ሳቀና «ኧረ አንተስ ምንም አታስፈራም» አለኝ። እኔ «በጣም ፈርቻለሁ» ማለቴ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እኔ በጣም አስፈሪ ነኝ» ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህችኑ አረፍተ ነገር ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ። ስህተቷ የምትመጣው ቃሉን ካለማወቅ አይደለም። መዝገበ ቃላት «ስኬሪ»ን «አስፈሪ» ብሎ ይተረጉምና ያልፋል። «ፍራይትኒንግ»ንም «አስፈሪ» ይለዋል። «ቴሪፋይንግ»ንም፣ «ኢሪ»ንም፣ «ክሪፒ»ንም እንደዚያው። አምስት ቃል በአንድ ቃል ተተርጉሞ እንዴት ይለያል? እስቲ ቀስ ብለን፣ ደረጃ በደረጃ እንያቸው።

ደረጃ 1፦ ፈሪው ማን እንደሆነ ለዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። እዚህ ካልተሳሳታችሁ ግማሹ መንገድ አልቋል።

ደግነቱ አማርኛ ልዩነቱን ያውቃል። ልጁ ፈራ፤ ውሻው አስፈራ። ፍርሃቱን የሚያመጣው ወገን «አስ»ን ይዟል። ፍርሃቱ የሚደርስበት ወገን አልያዘም። እንግሊዝኛም ይህንኑ ይለያል፤ እሱ ግን ምልክቱን የሚለጥፈው ከቃሉ ፊት ሳይሆን ከኋላው ነው። «ስኬር» የሚለው ግንድ መጨረሻው ላይ «ዋይ» ሲገባ «ስኬሪ» ይሆናል፤ አስፈሪ። «ዲ» ሲገባ «ስኬርድ» ይሆናል፤ የፈራ።

ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት አረፍተ ነገሩን በሆዳችሁ በአማርኛ በሉት። «አስፈሪ»፣ «ያስፈራል»፣ «የሚያስፈራ» ካላችሁ ስኬሪ። «ፈርቷል»፣ «ፈርቻለሁ»፣ «የፈራ» ካላችሁ ስኬርድ።

«ዘ ዶግ ኢዝ ስኬሪ» ማለት ውሻው ያስፈራል ነው። «ዘ ዶግ ኢዝ ስኬርድ» ማለት ውሻው ፈርቷል። ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው። የመጀመሪያውን ከሰማችሁ ራቅ በሉ። ሁለተኛውን ከሰማችሁ ውሻውን አባብሉት።

በትእዛዝም ያው ነው። «ዶንት ቢ ስኬርድ» አትፍራ። «ዶንት ቢ ስኬሪ» አታስፈራ።

ዘዴው ለሌሎች ቃላትም ይሠራል። አስደንጋጭ «ሾኪንግ»፣ የደነገጠ «ሾክድ»። አሰልቺ «ቦሪንግ»፣ የሰለቸው «ቦርድ»። አድካሚ «ታየሪንግ»፣ የደከመው «ታየርድ»። እንደምታዩት «አስ» አንዳንዴ «አ» ብቻ ሆና ትመጣለች። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ስሜቱን የሚያመጣውን ወገን የሚያሳዩት በ«ኢንግ» ነው፤ ስኬሪ «ዋይ» መውሰዷ ለየት ያደርጋታል። «ስኬሪንግ» የሚባል ቃል የለም ማለት ግን አይደለም። ግስ ነው፤ «ዩ አር ስኬሪንግ ሚ» ማለት «እያስፈራኸኝ ነው» ነው።

አሁን ሁለት ጉድጓዶች ላሳያችሁ።

አንደኛው ጊዜ ነው። እኛ ውሻው ፊት ቆመን «ፈራሁ!» እንላለን። ቃሉ ያለፈ ይመስላል፤ ስሜቱ ግን አሁን ነው። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ይህንን ቃል በቃል ወስዳችሁ «አይ ስኬርድ» ካላችሁ ሰሚው «አስፈራሁ» ብላችሁ የጀመራችሁ ይመስለዋል። ማንን እንዳስፈራችሁ እስክትጨርሱለት ይጠብቃል። «አይ አም ስኬርድ» በሉ። መሃሏን «አም» አትርሷት።

ሁለተኛው «ፈሪ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ፈሪ ጠባይ ነው፤ ሰውየው ነገ ከነገ ወዲያም ፈሪ ነው። ስኬርድ ግን የአሁን ስሜት ነው። ጀግናም ስኬርድ ሊሆን ይችላል። ጠባዩን ለመናገር ከፈለጋችሁ «ቲሚድ» አለ፤ ዓይን አፋር፣ ደፋር ያልሆነ። «ካዋርድ» ደግሞ ስድብ ነው፤ ሰውን ካዋርድ ብላችሁ ጓደኝነት አይቀጥልም። ልጆች እርስ በርስ ሲቀላለዱ «ስኬርዲ ካት» ይባባላሉ። ይህን የሚያህል አማርኛ አለን፦ ቦቅቧቃ።

በነገራችን ላይ እኔ ያልኩት «አይ አም ስኬሪ» ድሮ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያስቅም ነበር። በቀድሞ አሜሪካ እንግሊዝኛ ስኬሪ «በትንሽ ነገር የሚበረግግ» የሚል ትርጉምም ነበረው። ዛሬ ግን እምብዛም አይሰማም። የተወለድኩት ዘግይቼ ነው።

ደረጃ 2፦ ጻፉት፣ አንብቡት

ይህ አጭር ነው። «ስኬር» የሚጻፈው በኤስ፣ ሲ፣ ኤ፣ አር፣ ኢ ነው። ስኬሪ ሲሆን የመጨረሻዋ «ኢ» ትወጣና «ዋይ» ትተካታለች። አምስት ፊደል ብቻ። «ኢ»ን አስቀርቶ ስድስት ፊደል ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው።

ስናወዳድር «ዋይ» ራሷ ወደ «አይ» ትለወጣለች። «ስኬሪየር» የበለጠ አስፈሪ፣ «ስኬሪየስት» ከሁሉ አስፈሪ። ስኬርድ ግን እንዲህ አይተጣጠፍም። «ሞር ስኬርድ» ይባላል።

ስኬርድን ስትጽፉ «አር» አንድ ብቻ ናት። ሁለት ካደረጋችኋት ቃሉ «ስካርድ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ጠባሳ ያለበት። «ልጁ ፈርቷል» ልትሉ «ልጁ ጠባሳ አለው» ትላላችሁ። የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚም አያድናችሁም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና።

አነባበቡ ላይ የእኛ ችግር መጀመሪያው ላይ ነው። ምላሳችን ሁለት ተነባቢ ሲደራረብበት «እ» ያስቀድማል፤ እስፖርት፣ እስኩል፣ እስኬሪ። ይህን ለመተው «ስስስስ» ብላችሁ እንደ እባብ ጀምሩና ሳታቋርጡ «ኬሪ» ላይ ግቡ። ጥቂት ጊዜ ብቻችሁን ስትሉት ይለቃል። ብቻ ሰው እንዳያያችሁ።

ደረጃ 3፦ አረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጡት

ስኬሪ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ከስም በፊት፦ «ኤ ስኬሪ ስቶሪ»፣ አስፈሪ ታሪክ። ከ«ኢዝ» በኋላ፦ «ዘ ስቶሪ ኢዝ ስኬሪ»፣ ታሪኩ ያስፈራል። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

የሚያሳስተው «ያስፈራኛል» ነው። በአማርኛ «እኔን» የምትለው ነገር ቃሉ ውስጥ ገብታ ተደብቃለች። እሷን ለማውጣት ሲባል «ኢት ኢዝ ስኬሪ ሚ» የሚል አለ። እንዲህ አይባልም። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ግሱን ተጠቀሙ፦ «ኢት ስኬርስ ሚ»። ወይ «ፎር» አስገቡ፦ «ኢት ኢዝ ስኬሪ ፎር ሚ»። በንግግር የመጀመሪያው ይቀላል።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ «ውሻ እፈራለሁ» አለ። አማርኛ በመሃል ምንም አያስገባም። እንግሊዝኛ ግን ስኬርድን ያለ «ኦፍ» ከስም ጋር አያገናኝም። «አይ አም ስኬርድ ኦፍ ዶግስ።» ድርጊት ከሆነ ደግሞ «ቱ» ይመጣል። «ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ» ስትሉ «አይ አም ስኬርድ ቱ ጎ አሎን»። «ብቻ መሄድ ያስፈራል» ስትሉ «ኢት ኢዝ ስኬሪ ቱ ጎ አሎን»። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይቀራል።

ከስኬሪ ጋር አብረው የሚሄዱ ስሞች አሉ። ፊልም፣ ታሪክ፣ ፊት፣ ቦታ፣ ሕልም። «ኤ ስኬሪ ቶውት» ደግሞ «ሲያስቡት እንኳን የሚያስፈራ ነገር» ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀልድ አለበት። «ዘ ስኬሪ ቲንግ ኢዝ» ብሎ መጀመር እኛ «የሚያስፈራው ነገር ምን መሰላችሁ» እንደምንለው ነው።

አንዲት አባባል ግን በቃላችሁ ያዙ። አንድ ሰው የደረሰበትን አደጋ ሲነግራችሁ እኛ «እንኳን ተረፍክ» እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ ሌላም የሚለው አለው። «ዛት መስት ሃቭ ቢን ስኬሪ» ይላል፤ «ምን ያህል አስፈርቶህ ይሆን» እንደማለት። ዝም ብሎ ከመቆም ወይም «ኦኬ» ከማለት በእጅጉ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ መጠኑን ለኩ

ስኬሪ የአፍ ቃል ነው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በመልእክት ይባላል። ልጆችም ይሉታል። ጠንከር ባለ ጽሑፍ ላይ ቀለል ይላል። በደብዳቤ ወይም በትምህርት ሥራ ላይ «ፍራይትኒንግ» ይመረጣል። ትርጉሙ ያው ነው፤ ልብሱ ነው የተቀየረው።

ከዚያ በላይ «ቴሪፋይንግ» አለ። ይህ ልብ ቀጥ የሚያደርገው ነው። ከባድ ቃል ስለሆነ «ቬሪ»ን አይወድም፤ በራሱ ሞልቷል። ማጠንከር ካስፈለገ «አብሶሉትሊ ቴሪፋይንግ» ይባላል። ስኬሪ ግን «ቬሪ»ንም «ሪሊ»ንም «ሶ»ንም ትቀበላለች።

ሰው የሞተበት፣ የተጎዳበት ነገር ሲሆን ተጠንቀቁ። ከአደጋው የተረፈ ሰው «ኢት ወዝ ስኬሪ» ቢል ትክክል ነው፤ የራሱን ፍርሃት ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው ያለቀበትን አደጋ ከሩቅ ሆናችሁ ስኬሪ ካላችሁት ግን ነገሩን ያቀላችሁት ይመስላል። እዚያ «ሆሪፊክ» ነው ቦታው። ሆሪፊክ የመጣው ከላቲን «ሆሬሬ» ነው፤ መቆም፣ እንደ ጠጉር ቀጥ ማለት። እኛም «ጠጉሬ ቆመ» እንላለን። ሮማውያንና እኛ ሳንመካከር አንድ ቦታ ደርሰናል።

ዜናና ሪፖርት ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ዋጋ ሲንር፣ በሽታ ሲስፋፋ «አሳሳቢ ነው»፣ «ያሰጋል» እንላለን። ይህ ስኬሪ አይደለም። «አላርሚንግ» ነው። ፍርሃቱ ገና ከሩቅ ነው፤ ደወሉ ግን ተደውሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ቴሪፋይንግ»ን ወደ አማርኛ ስትመልሱ «አሸባሪ» እንዳትሉ። ሽብር ከሚለው ቃል ጋር ስላገናኛችሁት ትክክል ይመስላል። አሸባሪ ግን «ቴሮሪስት» ነው። የዋሻውን ጨለማ በወንጀል ትከሱታላችሁ።

ደረጃ 5፦ የፍርሃቱን ዓይነት ምረጡ

እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ፍርሃት አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንግሊዝኛም ለየዓይነቱ ስም አውጥቷል። አማርኛም አውጥቷል፤ እኛ ነን ሁሉንም «አስፈሪ» ውስጥ የምንጨምረው።

«ክሪፒ» የመጣው ከ«ክሪፕ» ነው፤ መሳብ፣ መዳህ። ቆዳችሁ ላይ ነገር የሚሄድባችሁ ሲመስላችሁ ያለው ስሜት ነው። በአማርኛ «ይቀፋል» የምንለው። ሸረሪት ክሪፒ ነው። ዓይኑ የሚከተላችሁ አሻንጉሊት ክሪፒ ነው። ምንም ሳይናገር አፍጥጦ የሚያይ ሰውም ክሪፒ ይባላል። ልብ በሉ፤ ስኬሪ ሰው ሊጎዳኝ ይችላል የምትሉት ነው። ክሪፒ ሰው ግን ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ዝም ብሎ ይቀፋችኋል። ወንድን በዚህ ቃል መጥራት ከባድ ነገር ነው። በሴቶች ላይ የማይገባ አተያይና አቀራረብ አለው እንደማለት ይወሰዳል። ለቀልድ አትጣሉት።

«ኢሪ» ጸጥ ያለ ፍርሃት ነው። ሰው የነበረበት አሁን ግን ጭር ያለ ሕንፃ። ወፍ የማይሰማበት ጫካ። ምንም አልታየም፣ ምንም አልተሰማም፣ ግን ልክ አይደለም። አማርኛው «ጭርታው ያስፈራል» ነው። ለውሻ፣ ለመኪና፣ ለጩኸት ኢሪ አይሠራም፤ ጫጫታ ያለበት ነገር ኢሪ አይሆንም። ሩቅ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ግን ይሆናል።

ይህ ቃል አንድ ታሪክ አለው። ከሰሜን እንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጣ ነው። ድሮ ትርጉሙ «ፈሪ»፣ በማይታይ ነገር የሚሰጋ ሰው ነበር። በኋላ ዞሮ ፍርሃቱን ለሚያመጣው ነገር ሆነ። ማለት፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ፈሪውንና አስፈሪውን አደባልቀውት ያውቃሉ። «ፊርፉል» የሚለው ቃልማ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይዟል፤ የፈራ ሰውም፣ የሚያስፈራ ነገርም ፊርፉል ነው። ይህን ሳነብ ያኔ የሳቀብኝን አስተማሪ አስታወስኩ።

«ስፑኪ» የመናፍስት ነው። «ስፑክ» ከደች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መንፈስ፣ ሙት መንፈስ ማለት ነው። ስፑኪ ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታ ያለበት ፍርሃት ነው። ልጆች ማታ ተሰብስበው የሚተርኩት ዓይነት። በእውነት የፈራ ሰው ስፑኪ አይልም።

«ግሩሰም» ዘግናኝ ነው። ደም፣ ቁስል፣ የተቆራረጠ አካል። የምትፈሩት ይጎዳኛል ብላችሁ አይደለም፤ ማየቱን ነው የማትችሉት። «ዝግንን አለኝ» ካላችሁ ቃላችሁ ይህ ነው።

አደጋ የሌለበት ፍርሃትም አለ። ሃምሳ ገጽ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ጨርስ ተብላችኋል እንበል። «ሥራው ያስፈራል» እንላለን። እንግሊዝኛው «ዶንቲንግ» ነው። ሰውየው ግርማው ከብዷችሁ፣ ከሱ ፊት ቃላችሁ ከጠፋ ደግሞ «ኢንቲሚዴቲንግ» ነው። በሁለቱም ቦታ ስኬሪ ቢባል ሰው ይረዳል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «ዘ ጆብ ኢዝ ስኬሪ» ከምትሉ «ዶንቲንግ» ማለት ያዋጣል። የመጀመሪያው የሚሸሽ ሰው ያስመስላችኋል፤ ሁለተኛው ክብደቱን ያወቀ።

መደንገጥስ? ከኋላ መጥቶ «ባ!» ያለባችሁን ሰው «አስደነገጥከኝ» ነው የምንለው። አስፈራኸኝ አንልም። እንግሊዝኛ ግን በንግግር ላይ ብዙ ጊዜ አይለይም። «ዩ ስኬርድ ሚ!» ይበቃል። ስለዚህ ይህን አረፍተ ነገር ፊልም ላይ ስትሰሙ ሁልጊዜ «አስፈራኸኝ» ብላችሁ አትተርጉሙት።

ደረጃ 6፦ ከከዱት ዘመዶች ተጠንቀቁ

«ቴሪብል»፣ «ቴሪፊክ»፣ «ቴሪፋይንግ»። ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው የላቲኑ «ቴሬሬ»፣ ማስፈራት። ዛሬ ግን አይተዋወቁም። ቴሪፋይንግ ብቻ የአባቱን ሥራ ይዞ ቀርቷል። ቴሪብል «በጣም መጥፎ» ሆኗል። ቴሪፊክ ደግሞ ጭራሽ «ግሩም» ሆኖ አረፈው።

አለቃችሁን ስለ ሥራው ልታመሰግኑ ብላችሁ ቴሪፊክን በቴሪብል ከለወጣችሁ የሚሆነውን እናንተው ገምቱት።

ቴሪፊክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ አስፈሪ ማለት ነበር። እንዴት ከአስፈሪነት ወደ ግሩምነት ይኬዳል? የሚገርም ከመሰላችሁ «ግሩም» የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱ። በግዕዝ ግሩም የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነው። ግርማም ከዚያው ቤት ነው። እኛ ዛሬ «ግሩም ሥራ!» ስንል የምናወድሰው በፍርሃት ቃል ነው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቃላት በየፊናቸው አንድ መንገድ ሄደዋል። «ኦሰም»ም እንደዚሁ ነው። ውስጡ ያለው «ኦ» ከአክብሮት ጋር የሚመጣ ፍርሃት ነው፤ ዛሬ ጎረምሳው ሁሉ ለሁሉም ነገር ኦሰም ይላል። ከዚያው ሥር የወጣው «ኦውፉል» ግን ወደ ታች ወርዶ መጥፎ ሆኗል።

ስኬሪም ቀስ በቀስ እዚህ መንገድ ላይ እየገባች ትመስለኛለች። «ሺ ኢዝ ስኬሪ ስማርት» ሲባል ትሰማላችሁ። «ጭንቅላቷ ያስፈራል» ነው፤ ሙገሳ። «ኢት ኢዝ ስኬሪ ሃው ማች ዩ ሉክ ላይክ ዩር ማዘር» ያላችሁ ሰው እናታችሁን አልሰደበም። «ቁርጥ እናትህን!» ነው ያለው። ለወዳጅ በቃል በሉት፤ በሥራ ደብዳቤ ላይ ግን ተዉት።

ደረጃ 7፦ እያንዳንዱን «ፈራሁ» ስኬርድ አታድርጉት

የመጨረሻው ወጥመድ ከእኛ በኩል ነው። አማርኛ «መፍራት» ውስጥ ብዙ ነገር ያስገባል። አክብሮት አለበት፣ ማፈር አለበት፣ መስጋት አለበት።

«አባቴን እፈራዋለሁ» ስንል ብዙ ጊዜ አከብረዋለሁ፣ ፊቱ ድምፄን አላነሣም ማለታችን ነው። «አይ አም ስኬርድ ኦፍ ማይ ፋዘር» ካላችሁ ግን ሰሚው የሚያስበው ዱላ ነው። ይመታሃል ወይ ብሎ ሊጠይቃችሁም ይችላል። አክብሮት ከሆነ «ሪስፔክት» በሉ። «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ላይም ስኬርድ አይገባም፤ እዚያ «ፊር» የሚለው ቃል ነው ቦታው።

«ልጠይቅህ ፈልጌ ፈራሁ» ደግሞ ማፈር ነው። «አይ ወዝ ሻይ ቱ አስክ» ይሻላል።

«አፍሬድ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ የፈራ ማለት ነው። ሁለት ነገር እወቁለት። አንደኛ፣ ከስም በፊት አይቀመጥም። «ኤ ስኬርድ ቻይልድ»፣ «ኤ ፍራይትንድ ቻይልድ» ይባላል፤ «አን አፍሬድ ቻይልድ» አይባልም። ሁለተኛ፣ ጨዋ የይቅርታ ቃል ሆኗል። ስልክ ደውላችሁ «አይ አም አፍሬድ ሂ ኢዝ ኖት ሂር» ብትባሉ ያነሣችው ሴትዮ አልፈራችም። «አዝናለሁ፣ የለም» ነው ያለችው። እዚህ ቦታ አፍሬድን በስኬርድ መተካት አይቻልም። ከተካችሁት «የለም ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ» ይሆንና ሰውየው ጠፍቷል ወይ ያሰኛል።

ደረጃ 8፦ ሞክሩት

ከዚህ በታች ያሉትን መልሱን ሳታዩ በእንግሊዝኛ በሉ።

ሕልሙ ያስፈራል። ሕፃኗ ፈርታለች። ባዶው ትምህርት ቤት ማታ ጭርታው ያስፈራል። ያ ሰውዬ አተያዩ ይቀፋል። እባብ እፈራለሁ። የዋጋው ንረት ያሰጋል። አስደነገጥሽኝ!

መልሱ፦ የመጀመሪያው ስኬሪ። ሁለተኛው ስኬርድ። ሦስተኛው ኢሪ፤ ስኬሪ ያለም አልተሳሳተም፣ ጸጥታውን ግን አጥቷታል። አራተኛው ክሪፒ። አምስተኛው «ስኬርድ ኦፍ»፤ «ኦፍ»ን የረሳ ወደ ደረጃ 3 ይመለስ። ስድስተኛው አላርሚንግ። የመጨረሻው «ዩ ስኬርድ ሚ»።

አንድ ልጨምር፦ «አስተማሪዬን እፈራለሁ።» ይህኛው መልሱ እናንተ ጋ ነው። ከተቆጣ አለንጋ የሚያነሣ ከሆነ «ስኬርድ ኦፍ»። የምታከብሩት ከሆነ «ሪስፔክት»። ፊቱ ስትቆሙ ያጠናችሁት ሁሉ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ እሱ ኢንቲሚዴቲንግ ነው፤ እናንተ ስኬሪ አይደላችሁም።